ማጅራቴ ላይ የቀረው

ኡራኤል አካባቢ ባለ ክሊኒክ ከአክስቴ ጋር ወረፋ ስጠብቅ፣ አጠገቤ ከተቀመጡ እናት የመጣው የፌጦና የሎሚ ሽታ ካዛንቺስ ወደነበረው የድሮ ግቢያችን መለሰኝ።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማጅራቴ ላይ ሽምብራ የሚያክል እብጠት ወጥቶብኝ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ጸጉር ልትሠራኝ ይመስል በጉልበቶቿ መሃል አስቀመጠችኝ፤ ፌጦ ቀባችውና በሁለት አውራ ጣቶቿ ጨመቀችው።

«እቴቴ፣ በቃኝ!»

«ዝም በይ! ጎረቤት ልጅ አረደች ይበለኝ? ትንሽ ነው የቀረው።»

ፊቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ መሄጃ አልነበረኝም። ነጭ ነገር ሲወጣ እሷው ራሷ እልል አለች። በዓመቱ እብጠቱ አድጎ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጸጉሬን ወደ ላይ አስሬ አላውቅም።

ስሜ ሲጠራ አክስቴም አብራኝ ገባች። ሐኪሙ እብጠቱን በጣቱ ዳሰሰው።

«የሚያሰጋ አይደለም፤ ከቆዳ ስር ያለ ከረጢት ነው። ካላስቸገረሽ መተው ይቻላል። ይውጣ ካልሽ ግን ከነከረጢቱ ነው፤ አለዚያ ተመልሶ ይሞላል። ጠባሳ አለው፤ ማን ነው የጨመቀው?»

አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ» አልኩ።

«እናውጣው?»

አክስቴ ቀደመችኝ። «ምነው ዶክተር! አያሰጋም አላሉም? ምላጭማ አይነካትም።»

«ይውጣልኝ» ለማለት ስንት ዓመት ጠብቄ ነበር። አክስቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሐኪሙ እስክሪብቶውን እንደያዘ እኔን ይጠብቃል።