አማቴና የክሊኒኩ ግድግዳ

የልጅ ልጄ ነርስነት ትማራለች። ፈተና ሲደርስባት ገበታ ላይ ሳይቀር ጮክ ብላ ታጠናለች። ባለፈው ቆጮዋን በጎመን እየበላች፣ «የሽንት ፊኛ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ ፕሮስቴት፣ ካቴተር...» እያለች ስትወርድበት፣ «ኧረ እግዚኦ! ምግብ ላይ ነን እኮ!» ብዬ ተቆጣኋት።

«ሽንት ምን ነውር አለው፣ እማማ?» አለችኝ። ነውሩንማ እኔ አውቀዋለሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ጌዴኦ አገር፣ ፍስሐ ገነት ከምትባል ከተማ ከተዳርኩ ዓመት አልሞላኝም። በገባሁበት ቤት ወግ ምራት ለወንድ አማቷ ፊቷን አታሳይም፣ ቃልም አትለዋወጥም። አማቴ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ሽማግሌዎች መሐል ሲናገሩ ሰው ጸጥ የሚልላቸው ሰው ነበሩ። እኔ የማውቃቸው ግን በሳላቸው ነው። በራፍ ላይ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ወደ ጓዳ እሸሻለሁ። ደግ ነበሩ ታዲያ። ከገበያ ሲመለሱ ሸንኮራ ከደጃፌ አጋድመው ዝም ብለው ያልፋሉ።

የቡና ለቀማ ወቅት ደረሰና ባለቤቴ እሸት ቡና ሊገዛ ወርቃ ወደሚባል ቀበሌ ሄደ። ለካስ አማቴ ሽንት እምቢ ብሏቸው ሕመሙን ደብቀው ኖረዋል። ማቃሰታቸውን የሰሙ ጎረቤቶች ጠይቀው ደረሱበትና በቃሬዛ ይርጋ ጨፌ አደረሷቸው፤ ከዚያ ጀንፈል፣ ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና፣ በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ አስተኝተን ወደ ዲላ ክሊኒክ። የዚያ መንገድ ጉድጓድ! መኪናው በነጠረ ቁጥር ቡሉኳቸውን ይነክሳሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም። እኔን ያስከተሉኝ አማርኛ የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ሐኪሙ የመሐል አገር ሰው ነው፤ ጌዴኦኛ አይሰማም። ተሸካሚዎቹን አስወጥቶ እኔን አስቀረኝ።

«አባባን ምን እንደሚያምማቸው ጠይቂልኝ።»

እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አማቴ ጥያቄውን ገምተው፣ ፊታቸውን አዙረው «ሆዴን» አሉ። ምራት ፊት ሌላ ምን ይበሉ! እኔም «ሆዳቸውን» አልኩ። ሐኪሙ የትል መድኃኒት ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመረ። ሰውዬው ሊሞቱ ነው፤ የሚሞቱት ደግሞ እኔን አፍረው ነው።

«ሽንት ነው የከለከላቸው፣ ጌታዬ!» አልኩት በአማርኛ።

እንብርታቸው ሥር ዳሰሰና ፊቱ ተለወጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማችሁም? እጢ አብጦ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል። በቀጭን ጎማ አሁኑኑ ማውጣት አለብኝ። በየት እንደሚገባ ንገሪያቸውና ይፍቀዱልኝ» አለኝ።

ሰማይ የተደፋብኝ ያን ጊዜ ነው። ይህ ለአማት ይነገራል? ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ለአማቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ በጌዴኦኛ አናገርኩት።

«አንተ ግድግዳ፣ ስማ። ሐኪሙ በሽንትህ መንገድ ቀጭን ጎማ ሊያስገባ ነው። ያምምሃል፣ ግን ትድናለህ። እባክህ እሺ በል፤ እኛ ካለ አንተ ማን አለን?»

ኋላ አማቴም ወደ ግድግዳው፣ «አንተ ግድግዳ፣ እሺ ብሏል በላት» አሉ።

ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሲያቃስቱ ሰማሁ፤ ከዚያ ሽንቱ ባልዲው ውስጥ ሲወርድ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሲያስጠሩኝ እንደ ልማዴ ተሸፍኜ ገባሁ።

«ነጠላሽን አንሺው» አሉ። ለግድግዳው አልነበረም፤ ለእኔ ነው። አነሳሁት። ትክ ብለው አዩኝ።

«አዬ! ገና ልጅ ነሽ እኮ» አሉኝ። «ይህን ሁሉ አሸከምንሽ!»

ዛሬ ዕድሜዬ ያኔ እሳቸው ከነበሩበት አልፏል። የሚያምመኝን ለምራቴ አልደብቅም፤ እንዲያውም አበዛሁት መሰለኝ፣ ትሰለቻለች። እሳቸው ከዚያ ወዲያ ብዙ ኖሩ፤ ፊቴንም ዳግመኛ አልሸፈንኩላቸውም። ድል ባለ ሠርግ ተዳርኩ እላለሁ እንጂ፣ ያ ቤት ቤቴ የሆነው ያን ቀን ነው።