ዶክተሩን ውጪ የጠበቀችው ነርስ

ከቦሌ የተነሣነው እሑድ ጠዋት ነው፤ እኔና የነርስ ተማሪዬ ፀሐይ። ናይሮቢ ያለ አንድ ኮሌጅ የነርስ፣ የፋርማሲና የሕክምና ተማሪዎችን ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ባንድ ክፍል ያስተምራል። ፀሐይ ሳምንቱን አብራቸው ተምራ የዓርቡን የተግባር ፈተና ካለፈች በየዓመቱ ተማሪዎቻችንን ይቀበላሉ፤ ከወደቀች ግን ነገሩ ያከትማል። ይህን ሁሉ ሸክም ባንዲት ዓይናፋር ልጅ ላይ የጫነውን አለቃችንን አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ስረግመው ነበር።

ሳውዝ ሲ

ያረፍነው ኢስትሊ በሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ካላቸው ከእትዬ አልማዝ ዘንድ ነው። ጠዋት ጠዋት ኮሌጁ ወዳለበት ወደ ሳውዝ ሲ በማታቱ፣ በነሱ ሚኒባስ፣ እንሄዳለን። ዝናብ ከጣለ ረዳቱ ሠላሳውን ሽልንግ ሃምሳ ያደርገዋል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። ፀሐይ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሐል የመድኃኒት ስም ታነበንባለች። ዓርብ ዕለት ቁርስ አልበላም አለች።

«ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ በይ ልጄ» አሏት እትዬ አልማዝ። «ኤግዛም ነው እንጂ ሌላ አይደለ። ቻፓቲውን ቅመሺ።»

ዓርብ

አልጋው ላይ የተኛችው በሽተኛ አሻንጉሊት ናት። ፈታኟ ሚስስ ዋንጂሩ፣ የሕክምና ተማሪው ኦቲኖ እንደ ዶክተር ሆኖ የተሳሳተ ትእዛዝ እንዲሰጥ በድብቅ ነግራዋለች። እኔም አውቃለሁ፤ ግን ትንፍሽ እንዳልል ተነግሮኛል።

«ፖታሲየሙን በቀጥታ ደም ሥሯ ውስጥ ስጪያት» አለ ኦቲኖ።

ይህ መድኃኒት በጉሉኮስ ተበርዞ ቀስ እያለ ካልገባ ልብ ያቆማል። ፀሐይ ታውቃለች፤ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። መርፌውን አስቀመጠች፣ ኦቲኖን ቀና ብላ አየችውና ከክፍሉ ወጣች።

ምን ማድረጓ እንደሆነ ገባኝ። እኛ ጋ ዶክተር በበሽተኛ ፊት አይታረምም። ነርሷ ወጣ ትላለች፤ እሱም ይገባውና ይከተላታል፤ ውጪ ተንሾካሹከው ይመለሳሉ። ኦቲኖ ይህን ከየት ይወቀው? ትንሽ ጠብቆ መርፌውን ራሱ ወጋ።

«በሽተኛዋ ሞተች» አለች ሚስስ ዋንጂሩ። «ነርሷ የት ነበረች?»

«ውጪ ዶክተሩን እየጠበቅሁት ነበር» አለች ፀሐይ ከበሩ ሆና።

ልማዳችንን ባስረዳኋት ጊዜ ፈታኟ ሰማችኝና ፀሐይ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትደግም ፈቀደች።

«ሲስተር፣ ሰው ፊት ዶክተርን ተሳስተሃል ማለት እንዴት ይሆንልኛል?» አለችኝ ፀሐይ ምሳ ላይ።

«አሻንጉሊት ሆና ነው እንጂ ገድለሻት ነበር» አልኳት። ክፉ አነጋገር ነው፤ ፈርቼ ነበር።

ከሰዓት ኦቲኖ ፔኒሲሊን አዘዘ። የበሽተኛዋ ካርድ ደግሞ ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ይናገራል። ፀሐይ መርፌውን አስቀምጣ ወደ በሩ ተራመደች። የያዘኝን ጭንቀት እኔ ነኝ የማውቀው። ደፉ ላይ ስትደርስ ቆመች፣ ዞረች፤ እንባዋ ሞልቷል።

«ዶክተር፣ ይህን አልሰጥም። አይስማማትም።»

ኦቲኖ ፈገግ ብሎ አብራቸው የምትፈተነውን የፋርማሲ ተማሪ በምን እንተካው ብሎ ጠየቃት። ሦስቱ ተነጋግረው ጨረሱ። አለፈች።

አዲስ አበባ

እንዲህ ባደባባይ ከተነጋገርን በሽተኛው እምነት ያጣል ብዬ እየሰጋሁ ነበር ወደ አገሬ የተመለስኩት። ሰኞ ዕለት ሆስፒታል አንዲት እናት መርፌ ልወጋ ስል ፀሐይ አጠገቤ ነበረች።

«ሲስተር፣ ይቆዩ። ይህ የእሳቸው አይደለም፤ የአጠገባቸው በሽተኛ ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

እውነቷን ነበር። ፊቴ እሳት ሆነ፤ ልጂቱንም ጠላኋት። ሴትዮዋ እኔንም እሷንም ተራ በተራ አዩንና ክንዳቸውን ወደ ፀሐይ ዘረጉ።

«የእኔን አንቺው ስጪኝ፣ ልጄ» አሏት።