ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ

ታክሲው ውስጥ ጋቢና የተቀመጡት ሽማግሌ ከተሳፈሩ ጀምሮ አፋቸው አላረፈም። ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ባለፈ ባገደመ መኪና ሁሉ ላይ ፍርድ ይሰጣሉ።

"ይቺን ነጭ አየሃት? ሞተሯ ወርቅ ነው፤ ቀለሟ ግን የሆስፒታል ግድግዳ!"

አንድ ወጣት ስልክ እያወራ እየነዳ ሲያልፈን መስኮቱን አውርደው፣ "አንተ ልጅ! እናትህ እቤት ትጠብቅሃለች!" ብለው ጮኹበት። ሹፌራችን በፈጠነ ቁጥር ደግሞ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጣል፤ እዚያ ፍሬን ያለ ይመስል። እኛ ከኋላ በሳቅ ሞተናል።

"አባባ፣ እርስዎ ምን ይነዳሉ?" አላቸው ሹፌሩ።

"እኔ? ነድቼ አላውቅም። አንድ ዓይኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አያይም።" ይህን ሲሉ እንኳ ፊታቸው ፈክቷል። "መኪና ግን ስወድ! ዕድሜ ልኬን ዳር ቆሜ ሲያልፉ ሳያቸው ኖሬያለሁ።"

መንጃ ፈቃድ መስጫው ጋ ሲደርሱ "ወራጅ!" አሉ። በሩ ላይ ፀጉራቸው የሸበተ ሴትዮ አንዲት ካርድ እያውለበለቡ ይዘላሉ። ሽማግሌው ወደ እኛ ዞረው፣ "አለፈች! ሚስቴ አለፈች!" ብለው ጮኹ። ከዚያም ጣታቸውን ሹፌሩ ላይ ቀስረው፣ "ከዛሬ ጀምሮ መንገድ ልቀቅልን!" አሉት።