መግለጫው ላይ የጨመርኩት
ላስ ቬጋስ፣ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ባለው አፓርትመንት የሚኖሩት እማማ ሆቴል ክፍል ያጸዳሉ። ልጃቸው መርከበኛ ነው። የሚሠራባት የንግድ መርከብ ባሕር ላይ ከነመርከበኞቿ ታግታ ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ካዚኖ የእንግዶችን መኪና ፓርክ ከማደርግበት ሺፍት ስመለስ በራፌ ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። መንግሥታት የሚያወጡትን መግለጫ በአማርኛ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ።

የመርከቧ ባንዲራ የአንድ አገር፣ ባለቤቷ የሌላ አገር፣ መርከበኞቹ ከየአገሩ የተለቃቀሙ ነበሩ። እያንዳንዱ መንግሥት "በጥብቅ ያሳስበናል" ይልና ይለቀቁልኝ የሚለው የራሱን ዜጎች ብቻ ነው። የእኛዎቹን ሁለት ኢትዮጵያውያን የጠራ አልነበረም።

ሦስተኛውን መግለጫ ሳነብ እማማ ዩኒፎርማቸውን እንኳ አላወለቁም። የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን አፌን ነበር። ያደግኩት ክፉ ወሬ ባንዴ አይነገርም እየተባልኩ ነው፤ ግጥም መሞነጫጨርም ይዞኛል። "ሁሉም መርከበኞች ባስቸኳይ ይለቀቁ" ብዬ ከራሴ ጨመርኩ። አስደገሙኝ፤ ይበልጥ አሳምሬ ደገምኩት።

በሳምንቱ የሌላው ኢትዮጵያዊ መርከበኛ ሚስት ከአዲስ አበባ ደወለች። ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ደብዳቤ ልታስገባ ስለነበር፣ የልጅዎንም ስም አብረን እናስገባ አለቻቸው።

"ሁሉም ይለቀቁ ተብሏል እኮ" አሏት። "ባለሥልጣን ማስቸገር ምን ያደርጋል?"

ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረግኩላቸው እኔ ነኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

ከወር በኋላ፣ መንግሥታቸው በስም የጠየቃቸው ተለቀቁ። የሴትዮዋ ባል ከእነሱ ጋር ወጣ። የእማማ ልጅ ቀረ።

ያን ዕለት ደረጃውን ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። "ለእኔ አዝነህ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"ለእኔ አዝነህ ልጄን ተውክብኝ።"

የልጅዎን ስም የያዘ ደብዳቤ ለኤምባሲያችን አሁኑኑ ልጻፍልዎት አልኩ። እምቢ አሉ። እዚሁ የተወለደችውን የጎረቤት ልጅ፣ የኮሌጅ ተማሪዋን፣ ጥራልኝ አሉኝ። አማርኛዋ ሰባራ ነው፣ የሚሉትን በደንብ አትረዳዎትም ብዬ ተከራከርኩ።

"ይሁን" አሉ። "እሷ ያልገባትን ትጠይቀኛለች እንጂ ከራሷ አትጨምርም።"

ጠርቻት መጣች። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር፣ እማማ የልጃቸውን ስም ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል ሲያስጽፏት ይሰማኝ ነበር።