የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር አልነሣ ያለ ዕለት

በእናቶች ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉም ሰው «ታይፒስቷ» ይላታል። የጽሕፈት መኪና ከዚያ ግቢ ከወጣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ኮምፒውተር ሲመጣ ማንም ሳያስተምራት ከመጽሐፍ እየቆፈረች የተማረችው፣ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት ጭና የካርድ ክፍሉን ያቆመችውም እሷ ናት። ስሙ ግን አልለቀቃትም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ቁጣዋን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሆዷ ትይዛለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ስትገባ አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ኮምፒውተሩ እንቢ ብሏል። ወረፋው ደረጃው ድረስ ደርሷል።»

ማያ ገጹ ጥቁር ነው። አናቱ ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ የምፈልገው የዲስክ ክፋይ የለም ይላል።

«ትናንት ማን ነካው?»

አዋላጇ መሬት መሬት አየች። «እርስዎ ከወጡ በኋላ ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያው መጥቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ናቸው ያስገቡት። ‹ዲስኩን ላጽዳላችሁ› አለ።»

«አጸዳልን!» አለችና ስልኩን አነሣች።

ባለሙያው ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «ጌታዬ፣ ትናንት እዚህ ምን ሠሩ?» አለችው።

«ምንም አልነካሁም። አንድ ባዶ ክፋይ ነበር፣ እሱን አጠፋሁ። ምን ይልሻል?»

አነበበችለት።

«በቃ አልቆለታል። ፎርማት አድርጊውና እንደ አዲስ ጫኚ።»

«ፎርማት? የዘጠኝ ሺህ እናቶች መረጃ ያለበትን ልደምስሰው?»

«ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ የላችሁም?»

«የባክአፑን ዲስክ ባለፈው ወር ‹ለዋናው መሥሪያ ቤት ይፈለጋል› ብለው የወሰዱት እርስዎ ነዎት እኮ!»

«አንቺ ታይፒስት አይደለሽ? በማታውቂው አትግቢ። ከሰዓት መጥቼ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ዘጋባት።

ደሟ ፈላ። ስልኩን ሳታስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ከች አለ። «እሱ እስኪመጣ እንዳትነኪው።»

«ከመጣ ይደመስሰዋል።»

«የተማረበት ሰው ነው። ብታበላሺው ኃላፊነቱ ያንቺ ነው።»

«ሲበላሽ የኔ፣ ሲሠራ የሌላ! ይሁን፣ የኔ ነው» አለችና በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችበት።

ገና ከመቀመጧ አዋላጇ በመስኮቱ ብቅ አለች። ምጥ ላይ ያለች ሴት መጥታለች፤ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልጋት አይቀርም። ባለፈው ወሊድ የወጓት መርፌ መላ ሰውነቷን አሳብጦ ሊገድላት ነበር። ሴትዮዋ የመድኃኒቱን ስም አታውቀውም፤ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።

ታይፒስቷ መነጽሯን አጠለቀች። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ይበልጥ ያንገበገባትም ቀላልነቱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነቃው ግረብ የሚሉት ትንሽ ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ዲስኩ ባለቁጥር ቤቶች እንዳሉት ሰፈር በክፋዮች የተከፈለ ነው፤ የግረብ ሥራ ሊኑክስ ያለበትን ክፋይ ፈልጎ ማስነሣት ነው። ስድስተኛው ክፋይ ውስጥ ታገኘዋለህ ተብሎ ተነግሮታል። ባለሙያው አምስተኛውን ሲያጠፋው ስድስተኛው አምስተኛ ሆነ። ቤቱ እንዳለ አለ፣ ቁጥሩ ብቻ ተቀይሯል። ለዚህ ነው ቤቱን አፍርሺው የተባለችው!

ግረብን ክፋዮቹን እንዲዘረዝርላት አዘዘችው። የመጀመሪያውን ስትከፍት ባዶ፤ አምስተኛውን ስትከፍት የምታውቃቸው ማኅደሮች ተግተልትለው ወጡ። «ይኸው! ሞተ የተባለው!» አለች ጥርሷን ነክሳ። አዲሱን ቁጥር ስትጽፍለት በንዴት ቸኩላ አንድ ፊደል ሳተች። ማሽኑ እንቢ አለ። «ደንቆሮ!» ብላ ጮኸች፤ ማንን እንደሰደበች እሷም አላወቀችውም። ደግማ ጻፈች። ማያው ለአፍታ ጠቆረና የማስነሻው ዝርዝር መጣ፤ ከዚያም ሊኑክስ ተነሣ።

አልጨፈረችም። የሴትዮዋን ካርድ ከፍታ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፋ በመስኮቱ ሰጠች፤ አዋላጇ እየሮጠች ሄደች። እንዲሁ ብትተወው ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ያው ስድስተኛውን ፍለጋ ይሄዳል። ስለዚህ በሁለት ትእዛዝ ማስነሻውን ዲስኩ ላይ እንደገና ጫነች፣ ቅንብሩንም አስተካከለች። ሆን ብላ አጥፍታ አበራችው። ያለ ማንም እርዳታ ተነሣ።

ከሰዓት ባለሙያው ቦርሳውን አንግቶ ሲገባ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። «እሰይ! በስልክ ረድተሃት ተነሣላት አይደል?»

ባለሙያው ዐይኑን በጨው አጥቦ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ያኔ ነው የፈነዳችው። «ስማ አንተ! በስልክ ያልከኝ ‹ደምስሺው› ነው! ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ እዚያ ማዶ የተኛችውን ሴት ያንኑ መርፌ ደግመን እንወጋት ነበር!» ወረፋ ላይ የነበሩት እናቶች ሁሉ ዞረው አዩ።

«ቁጥሩ ይቀየራል ብዬ አላሰብኩም…»

«እኔም ስንቴ አበላሽቻለሁ። አፍህን ሞልተህ ‹ምንም አልነካሁም› ያልከው ነው አንጀቴን ያሳረረው!»

ማምሻውን ሥራ አስኪያጁ «ድንገተኛ የቴክኒክ ብልሽት» ብላ ሪፖርት እንድትጽፍ አዘዛት። እሷ ግን የሆነውን ከነሰዓቱ፣ የተባለውን ከነቃሉ ጻፈች። ወረቀቱ በሥራ አስኪያጁ መሳቢያ ውስጥ ስምንት ቀን ሲያድር ግልባጩን ራሷ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላከች። መልሱ ሁለት ነበር፦ የባክአፑ ዲስክ በሾፌር እጅ ያለ አንዳች ማብራሪያ ተመለሰ፤ ለእሷ ደግሞ «ሥነ ሥርዓት የጎደለው ንግግር» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ባለሙያውን ምን እንዳሉት የሰማ የለም። ሴትዮዋ በሰላም ሴት ልጅ ተገላግላ ወጥታለች።

«አሁንም አልበረደልሽም?» አለቻት ማታ ቤት ታላቅ እህቷ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብባ እየመለሰችላት።

«አልበረደልኝም፣ እቴ። እንዲበርድልኝም አልፈልግም» አለችና በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳያስፈቅዳት እንዳይነካው የማስነሻው ቅንብር ላይ የይለፍ ቃል አደረገችበት።