ሠላሳ አንደኛው ደብዳቤ

ጀላሉ የጠገነው ስልክ ሁሉ ጀርባው ላይ ቁራጭ ነጭ ፕላስተር አለበት። ፕላስተሩ ላይ ምን እንደቀየረና በየትኛው ቀን እንደቀየረ በብዕር ይጽፋል። «የነካሁትን ካልጻፍኩ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይሳሳታል» ይላል።

ሱቁ ከሮማናት አደባባይ ጀርባ፣ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ከደብረ ብርሃን መጥቼ መቀሌ ከከተምኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ጀላሉ የወሎ ሰው ነው። አጎቱን ተከትሎ ከሐይቅ መጥቶ መጀመሪያ ሰልባጅ ጫማ ይነግድ ነበር። ኮምፒውተር የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ አይደለም። የሚሠራባቸው ፕሮግራሞች ክፍት ናቸው፤ እንዴት እንደተሠሩ ለማንም ይታያል፤ የፈለገ አንብቦ ያስተካክላቸዋል። ያስተካከለ ሰው ግን ምን እንዳስተካከለና መቼ እንዳስተካከለ መጻፍ አለበት። የፕላስተሩን ልማድ ያመጣው ከዚያ ነው።

በ2013 ሰኔ መጨረሻ ስልኩም ኢንተርኔቱም መብራቱም ሲቋረጥ ጀላሉ ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ከሌላ ስክሪን ጋር አገናኝቶ የደብዳቤ ማሽን አደረገው። ጣሪያው ላይ ባለችው የፀሐይ ሰሌዳ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ይሠራል። ሰው እየመጣ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ላለ ዘመዱ ኢሜይል ይጽፋል፤ ደብዳቤው ቁጥር ይሰጠውና መስመር እስኪመጣ እዚያው ይቀመጣል።

«እንዴት ብሎ ይሄዳል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ማሽኖቹ ወግ አላቸው፣ ጋሼ። መጀመሪያ ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ ላኪው ደብዳቤው ከማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ ይናገራል። ወዲያኛው በየመሀሉ እሺ ይላል። የመጨረሻዋን እሺ ሳይሰማ ላኪው ደብዳቤውን ከእጁ አይለቅም። መልስ ካጣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይሞክራል።»

«እስከ መቼ?»

«አምስት ቀን። ከዚያ አልሆነም ብሎ ለጸሐፊው ይመልሳል።» ሳቀ። «ለእኛ አምስት ቀን ምን ትሆናለች? ገደቡን አንስቼዋለሁ። እስኪያገኝ ይጠብቃል።»

ሌላም የነካው ነገር ነበር። የማሽኑን ሰዓት የምትጠብቀው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሞታለች፤ ምትክ በከተማው አልተገኘም። ስለዚህ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ዘመኑን በፈረንጆች 1970 ነው ይላል። እንዲህ ያለ ቀን ያለበትን ደብዳቤ ተቀባዮቹ እንደ ቆሻሻ ይጥሉታል። ጀላሉ ፕሮግራሙን ከፍቶ አስተካከለው፦ ሲጻፍ ቀን አይደረግበትም፤ መስመር ሲገኝ ማሽኑ ትክክለኛውን ሰዓት ከሌሎች ማሽኖች ጠይቆ ያን ጊዜ ቀን ያትምበታል። ሲነግረኝ ጎበዝ አልኩት።

ባለቤቴ አሰገደች ሁለት ጊዜ ሄዳ ጻፈች፤ ለልጃችን ለሳምሪ፣ አዲስ አበባ ለምትሠራው። ምን እንደጻፈች አልጠየቅኳትም። በ2014 ጥር ላይ፣ የስኳር መድኃኒቷ ካለቀ በኋላ፣ አረፈች። ሳምሪ ይህን የምታውቅበት መንገድ አልነበረም።

በ2015 ታኅሣሥ ስልክ ተከፈተ። እኔ ለሳምሪ አልደወልኩም። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ከጀላሉ ስልክ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ለወንድሜነህ ደወልኩና የራሴን ዘግቼ አስቀመጥኩ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወንድሜነህ ዘመድና ጎረቤት ይዞ በሯን አንኳኳ፤ መርዶው እንደ ወጉ ተነገራት። ስልኬን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ተላቀስን።

ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ደወለች።

«አባዬ፣ እማዬ አልሞተችም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩት።

«ኢሜይል ጽፋልኛለች። ዛሬ። ቀኑም ሰዓቱም አለበት። ለቀስተኛውን ተነሡ ብያለሁ። ጋሽ ወንድሜነህ ያበድኩ መስሎት እኔን እያየ ያለቅሳል።»

አፈር ያለበስኳት እኔ ነኝ። ቢሆንም ዞሬ በሩን አየሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ነፍሷ ስትወጣ አጠገቧ ነበርኩ።»

«ተጣልታችሁ ነው? ተለያይታችሁ ነው? እሱን ንገረኝ፤ እሱን እችለዋለሁ።»

«አልተጣላንም።»

«እንግዲያው ማነው የጻፈልኝ?»

«እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት።

አነበበችልኝ። «ሳምሪዬ፣ ደህና ነን። አታስቢ። አባትሽ ጫማውን ራሱ መስፋት ጀምሯል፤ አያምርም፣ ግን አልነግረውም። የጀላሉ ነዒማ ትናንት ሴት ልጅ ወለደች፤ ገንፎ አገንፍቼ ወሰድኩላት። ስልክ ሲከፈት መጀመሪያ የምደውለው ላንቺ ነው።»

ያን ጫማ ተጫምቼው ነበር። አነጋገሯ የራሷ ነው፤ አንድም ቃል የሌላ ሰው አይደለም። ስልኩን ሳልዘጋ ወደ ጀላሉ ሱቅ ሄድኩ።

ጀላሉ ማሽኑ ፊት ቆሟል። ያን ለት ጠዋት ነው ኢንተርኔት ያገኘው። ፊቱ በርቷል።

«ጋሼ፣ አርባ ስድስት ሄዷል። ሁሉም እሺ ብለው ተቀበሉ።»

«የአሰገደችም ሄዷል» አልኩት። «የዛሬ ቀን አለበት። ሳምሪ እናቴ በሕይወት አለች ትላለች።»

ትንሽ አየኝ። ከዚያ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀለው። ስልኩን ተቀበለኝና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁለታችንም እንዲሰማ አደረገው።

«ሳምሪ፣ ጀላሉ ነኝ። ደብዳቤው የዛሬ ዓመት ከአራት ወር የተጻፈ ነው።»

«የዛሬ ቀን ነው ያለበት። ማሽን ይዋሻል?»

«ማሽኑ አልዋሸም። ቀኑን የነካሁት እኔ ነኝ።» ስለ ባትሪዋና ስለ ሰዓቱ አስረዳት። ላቡን በእጅጌው ይጠርግ ነበር።

«አባዬ ነው እንዲህ በል ያለህ?»

«ወላሂ አይደለም።»

«አንተም ትምልልኛለህ፣ እሱም ይምልልኛል። በእጄ የያዝኩት የእሷን ነው።»

ለተማሪ ቢሆን ሰሌዳ ላይ ጽፌ አሳይ ነበር።

«ስለ ነዒማ ጽፋልሻለች አይደል?» አላት ጀላሉ።

«ትናንት ወለደች ይላል።»

ጀላሉ መጋረጃውን ገልጦ ወደ ጓዳ ገባና ልጁን ጁዋይሪያን እጇን ይዞ እያስኬደ አመጣት። በሌላው እጇ ዳቦ ይዛለች። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋላት።

«አሎ በይ።»

«አሎ» አለች፣ ዳቦዋን እያላመጠች። ስልኩን አገላብጣ አየችውና «አባ፣ ማን?» አለችው።

ጀላሉ ስልኩን ከእጇ ተቀበለ።

«ማን ናት?» አለች ሳምሪ።

«ያቺ ትናንት የተወለደችው ናት» አለ ጀላሉ።

ጁዋይሪያ እጇን አስለቅቃ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ እናቷ ተመለሰች። እርምጃዋ በስልኩ ሳይሰማ አልቀረም።

«እሺ» አለች ሳምሪ። ቆይታ ደግሞ፣ «እሺ፣ አባዬ።» ከኋላዋ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ሰዎቹ መልሰው እየተቀመጡ ነበር። ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

ከሰዓት በኋላ ጀላሉ ሱቁን ዘግቶ የቁጥሩን ደብተር አወጣ። መቶ አርባ ሦስት ደብዳቤ ነው። ለሄዱት አርባ ስድስቱ በየአድራሻቸው ማረሚያ መላክ ነበረበት፤ ላልሄዱት ደግሞ የተጻፉበትን ቀን መፈለግ። ደብተሩ ላይ ስምና ቁጥር እንጂ ቀን የለም።

«ለሰው ስልክ ቀን የምለጥፍ ሰውዬ» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር።

ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ የአሰገደች የመጀመሪያው፣ ነዒማ በወለደች ማግስት ነው። ከእሱ ተነሥተን ሌሎቹን በልደትና በቀብር መገመት ጀመርን። እሱ ስም ይጠራል፤ እኔ የማውቀውን በሕይወት አለ ወይም የለም እላለሁ። ከሠላሳ አንድ በፊት ብቻ አራት ጊዜ የለም አልኩ። በአራተኛው ላይ ጀላሉ ብዕሩን አስቀምጦ ውኃ ጠጣ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሳምሪ ደወለች። ድምጿ ጎርንኗል።

«ጀላሉ፣ ሌላ ጽፋለች?»

ደብተሩን አገላበጠ። «ሰማንያ ስምንት ቁጥር። አልሄደም።»

«ላክልኝ።»

«ዛሬ? ነገ ይሻላል፣ እህቴ።»

«ዛሬ። ግን ቀኑን ጻፍበት።»

ጀላሉ ወደ እኔ ዞረ። ሰማንያ ስምንትን አውቀዋለሁ። ከገብርኤል ማግስት ነው፤ ክንዴን ይዛ እስከዚህ ሱቅ ድረስ መጣች፣ እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት፣ ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣችም።

«ታኅሣሥ ሃያ፣ 2014» አልኩት።

ከደብዳቤው አናት ላይ ጻፈው። እንዳላነብ ስክሪኑን ወደ ራሱ አዞረ፤ አልጠየቅኩትም። ሌሎቹ ደብዳቤዎች እንዳይሄዱ ዘግቶ ገመዱን ሰካ፣ ወዲያኛው ማሽን እሺ እስኪል ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።