ቦሎቄ በላተኛዋ አሲታን

ጡረታ የወጣችው መምህርት አሲታን ኩሊባሊ ታብሌቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከተቀመጠች ሴጉ ከተማን ጎርፍ ቢወስዳት አትሰማም። ሱሷ ኢንተርኔት ላይ የተቆራረጠ ስዕል መግጠም ነው። ያውም ተራራና ቤተ መንግሥት አትወድም፤ ምግብ ብቻ። ቲማቲም፣ ማንጎና ባሚያ በየረድፉ የተደረደሩበት፣ ዓይን የሚያጥበረብር ስዕል ሲመጣላት እጇን ታፋትጋለች። ልጆቿ "እማዬ፣ ገበያ ወርደሽ እውነተኛውን ግዢ እንጂ" ቢሏት "እውነተኛው ይበላሻል" ትላቸዋለች።

ጎረቤቷ ዙማና ኬይታ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሲመለስ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ ሳያይ አያልፍም ነበር።

"ቦሎቄ የለበትም እንዴ? ታዲያ ኩሊባሊ ምን ልትበላ ነው?"

"አንተ ንጉሥ ነኝ ባይ፣ ዘውድህን ጥለህ የሰው ራስ ስትላጭ ትውላለህ።"

የኬይታና የኩሊባሊ ጎሳዎች ከቅድመ አያት ጀምሮ በቀልድ ይሰዳደባሉ፤ መቀየም ክልክል ነው። ኬይታ የተባለ ሁሉ የንጉሥ ዘር ነኝ ባይ ነው። ኩሊባሊ የተባለ ሁሉ ደግሞ በላም አልበላም ቦሎቄ በላተኛ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዙማና በድንገት ወደቀ። ቀኝ እጁ ሰለለ፣ አንደበቱ ተያዘ። ሐኪሙ ጣቶቹን ያሠራ፣ ቃሉም ቀስ እያለ ይመለሳል ቢልም ዙማና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጠያቂው ሁሉ በሹክሹክታ ገብቶ፣ ከንፈር መጥጦ፣ "አላህ ይማርህ፣ ምስኪን" ብሎ ይወጣል። አሲታን ይህን ስታይ አንጀቷ አረረ። ኬይታን ምስኪን ማለት በቁሙ መቅበር አይደለም? ደግሞስ እሱ እንዲህ ዝም ብሎ ከቀረ እሷን ማን ሊሰድባት ነው?

በማግስቱ ታብሌቷን ይዛ ገባች።

"ሳጆ፣ ባልሽን በትራስ ደግፊው።"

"እትዬ አሲታን፣ ደክሞታል እኮ።"

"ያደከመው መተኛቱ ነው። አንተ ንጉሥ ነኝ ባይ፣ አገሩ ሁሉ አዝኖልሃል፤ እኔ ግን ለማዘን ጊዜ የለኝም። ግጠም።"

ስዕሉን የመረጠችው ለቀለሙ ድምቀት ብቻ ነበር። ዙማና ግድግዳውን አየ፤ ከዚያ ስዕሉን። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ አንዱን ቁራጭ ጎተተ። እንዳታግዘው አሲታን እጆቿን ከጭኗ ሥር ሸጎጠች። ቲማቲሙ ቦታውን ያዘ፣ ማንጎው ተከተለ፣ ባሚያውም በስንት መከራ ገባ። ግንባሩ በላብ ራሰ። ሳጆ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

ከዚያ ዙማና መግጠሙን አቆመ። የታችኛው ረድፍ ባዶውን ነው።

"ደከመህ? በቃ፣ ነገ እንጨርሰዋለን።"

ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። የቀሩትን ቁራጮች አንድ በአንድ እየገፋ እሷ በተቀመጠችበት በኩል፣ ጥግ ላይ ከመራቸው። አሲታን ያኔ ነው ልብ ብላ ያየችው፤ የቀሩት ሁሉ ቦሎቄ ናቸው።

ዙማና በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ፤ ታብሌቱንም ወደ እሷ ገፋው።

"ም... ምሳሽ" አለ።

ሳጆ አፏን ይዛ ወደ ጓሮ ሮጠች። አሲታን በሳቅና በእንባ መሀል ሆና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ዳነ ይህ ባለጌ" አለችና ቦሎቄዋን መግጠም ጀመረች።